የሽፍታ ግሶች ዓመት

ባለፈው ጥቅምት ለአክስቴ ለቅሶ መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ መዋል አይሆንልኝም፤ ወገቤም አይችል፣ አፌም አይችል። "እስቲ እግሬን ላፍታታ" ብዬ ወጣሁና ሳላስበው በድሮው ትምህርት ቤት በኩል መጣሁ። ያኔ የእሾህ አጥር የነበረው አሁን ግንብ ሆኗል። በመስኮቱ የሚወጣው ድምፅ ግን ያው ነው። "ጎ፣ ዌንት፣ ጎን! ካም፣ ኬም፣ ካም!" ሃምሳ ዓመት ሙሉ ዜማው እንኳን ንቅንቅ አላለም። ጥቁር ነጠላዬን እንዳጣፋሁ መንገድ ዳር ቆሜ ከንፈሬ አብሯቸው ሲንቀሳቀስ አንዲት ባለ ሱቅ አየችኝና "እማማ፣ ጸሎት እያደረሱ ነው?" አለችኝ። "ኧረ እንግሊዝኛ ነው የኔ ልጅ" ብያት ሄድኩ።

ስድስተኛ ክፍል የነበርኩት በስልሳ ስድስት ነው። ያንን ዓመት ሌላው ሰው በረሃቡ ወይም በአብዮቱ ይጠራዋል። እኔ ግን ለምን እዋሻለሁ፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ለኔ መጀመሪያ የሽፍታ ግሶች ዓመት ነበር።

ስሙን ያወጣላቸው የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቲቸር ታደለ ነው። ከደሴ የመጣ ቀጭን ጎረምሳ፣ ጠጉሩን ወደ ላይ ያበጠረ፣ ያለው ኮት አንድ። አንድ ቀን ገና ከመግባቱ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈለና በግራ በኩል እነ ወርክን፣ እነ ዎሽን ጻፈ። "እነዚህ ጨዋ ግሶች ናቸው" አለ። "ድርጊቱ የትናንት ሲሆን ኢ እና ዲ የምትባል ግብር ይከፍላሉ። ወርክ፣ ወርክድ። ዎሽ፣ ዎሽድ። ደህና። እነዚህኞቹ ግን..." ወደ ቀኝ ዞሮ እነ ጎን፣ እነ ኢትን፣ እነ ብሪንግን ጻፈና ጠመኔውን ወደ እነሱ ቀሰረ። "እነዚህ ሸፍተዋል። ግብር አንከፍልም ብለው ጫካ ገብተዋል። ሕግ አይዛቸውም። አንድ በአንድ፣ በስማቸው እየጠራችሁ ነው የምትይዟቸው።"

እኔ እቴ ቃል በቃል ነው ያመንኩት! ሽፍታ ለኛ አገር ልጅ ተረት አይደለም፤ አባይ በረሃ ወርዶ የቀረ አጎት የሌለው ሰው ክፍላችን ውስጥ ጥቂት ነበር። ሽፍታ ስሙን ይለውጣል፣ ጋቢውን ገልብጦ ይለብሳል፣ በገበያ መሃል ሲያልፍ እናቱ እንኳን አታውቀውም። "ጎ" የነበረው "ዌንት" የሆነው ታዲያ እንዳይያዝ ነው አልኩ። ከሁሉ የወደድኩት ግን እነ ካትን ነው። ካት፣ ካት፣ ካት። ፑት፣ ፑት፣ ፑት። ዛሬም ትናንትም ያው ናቸው። "ቲቸር፣ እነዚህስ?" ብለው "እነሱማ ሸፈትን ብለው ከቤታቸው ያልወጡ ናቸው" አለኝ። ሳቅን። እኔ ግን ከልቤ አከበርኳቸው።

የምናጠናው በዜማ ነበር። ከክፍሉ ግማሹ ቁርአን የቀራ፣ ግማሹ የኔታ ዘንድ ዳዊት የደገመ ነው፤ ሰውነቱን ሳያወዛውዝ ቃል የሚይዝ ልጅ አልነበረም። አንዱ ጥግ በመንዙማ ምት ያጨበጭባል፣ ሌላው ጥግ እንደ ቄስ ተማሪ ድምፁን ይጎትታል፣ መሃል ላይ "ብሪንግ፣ ብሮት፣ ብሮት!" ይላል። ቲቸር ታደለ መጀመሪያ ሰሞን "ይሄ መንዙማ ቤት አይደለም! ቅኔ ማኅሌትም አይደለም!" እያለ ጠረጴዛ ይደበድብ ነበር። በሳምንቱ ግን ጠረጴዛውን የሚደበድበው በኛው ምት ሆነ፤ እሱም የወሎ ልጅ አይደል።

ያስቸገረን አፋችን ነው። "ስሊፕ" በሉ ሲለን ሁላችንም "እስሊፕ"። "ስፒክ" ሲለን "እስፒክ"። "ይቺን እ ከየት ነው የምታመጧት? ማን ጠራት? ያልተጠራች!" ይላል። እ ያመጣ ልጅ እስከ በሩ ሄዶ አሽቀንጥሮ ጥሏት ይመለሳል። እውነቴን ነው፣ በእጃችን ነው የምንጥላት። አንዳንዱ ልጅ ጥሎ ሲመለስ ከመቀመጡ "እስሊፕ!" ይልና ክፍሉ ይፈርሳል። ለፕ ደግሞ የጤፍ እብቅ መዳፋችን ላይ አድርገን "ፑት" ስንል እብቁ መብረር አለበት። ካልበረረ "በ ነው ያልከው፣ ድገም" ይባላል። እቤት ሄጄ እብቅ ባጣ ጊዜ የእምዬን የስንዴ ዱቄት መዳፌ ላይ አድርጌ "ፑት!" ብል ዱቄቱ ቡን ብሎ ፊቷ ላይ አረፈ። "በዚህ ክፉ ቀን ዱቄት ይነፋል? አንቺ እርኩስ!" ብላ ስታሯሩጠኝ ክፉ ቀን ያለችው ለምን እንደሆነ እንኳን አልጠየቅኩም።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። በረንዳው ላይ መኪናውን ሲረግጥ እኔ እግሩ ሥር ቁጭ ብዬ በመኪናው ምት አነበንባለሁ።

"ዛሬ ስንት ያዝሽ?" ይለኛል ከክሩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ።

"ሰባት!"

"ሁሉም እጃቸውን ሰጡ?"

"ስድስቱ ሰጡ። አንዱ አስቸገረኝ፤ ምላስ በጥርስ መሃል ካልወጣ አይያዝም።"

"እንዲያ ያለው ወንበዴ ነው" ይላል አባዬ፤ ለሱ ሽፍታና ወንበዴ የተለያየ ማዕረግ ነበራቸው። አንድ ቀን ያንን ለመያዝ ምላሴን አውጥቼ ስለማመድ ሱሪ ሊለኩ የመጡ ሽማግሌ ለሳቸው መስሏቸው ተቆጥተው ሄዱ። አባዬ ያንን ደንበኛ አጣ፤ እኔ ግን ግሱን ያዝኩ። በጥር ወር ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። አንደኛ ብቻ ሳልሆን ኩራተኛም ነበርኩ፣ ልብ አድርጉልኝ።

ሰዎቹ መምጣት የጀመሩት ያኔ ነው። ከምሥራቅ፣ ከቆላው፣ ዝናብ ከከዳው አገር በእግራቸው እየመጡ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባሕር ዛፉ ሥር ይቀመጣሉ። እኔ ገበያተኛ መስለውኝ ነበር። ገበያው ሲበተን ለምን አብረው እንደማይበተኑ ነው ያልገባኝ። በኋላ እቃ እንደሌላቸው፣ አህያ እንደሌላቸው አየሁ። ሳይስሉ፣ ሳይጣሉ፣ ሳይጫወቱ ነው የሚቀመጡት። ልጆቻቸው እንኳን ድምፅ የላቸውም።

ከነሱ ውስጥ እትዬ ሐዋን ነው የማውቃት። ረጅም ናት፣ ሦስት ልጆች አሏት፤ ትልቋ ፋጡማ እኔን ታህላለች፣ ትንሹ ገና ጡት ያልጣለ ነው። እምዬ ሁልጊዜ ከትምህርት ቤት መልስ አንድ ሳህን ንፍሮ ሰጥታ ወደሷ ትልከኛለች። የመጀመሪያ ቀን ሳህኑን ባቀርብላት እትዬ ሐዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "በልተናል የኔ እመቤት፣ አልሐምዱሊላህ። ለናንተ ይሁንላችሁ" አለችኝ። እኔ ሞኟ ሳህኑን ይዤ ተመለስኩ።

እምዬ ስታየኝ ጭንቅላቷን ያዘች። "ምን አለችሽ?"

"በልተናል አለች።"

"እና አመንሻት? አንቺ ልጅ ሰው ቤት ሄደሽ አታውቂም? ጨዋ ሰው ባንድ ጥሪ እጁን ይዘረጋል? በሞቴ ብለሻታል?"

"አላልኩም።"

"ተመለሺ። ሦስቴ ሳትለምኚ፣ በሞቴ ሳትዪ እንዳትመጪ።"

ተመለስኩ። በሞቴ ስላት "ለናንተ ይሁን" አለች። ደገምኩ፣ "ኧረ አላህ ይስጥልኝ፣ ጠግበናል" አለች። በሦስተኛው "እምዬ ትሙት!" ስላት "ምነው፣ ምነው፣ እሷን አይንካብኝ" ብላ ሳህኑን ተቀበለችኝ። መግደርደር ማለት ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንዲሁ ነበር፤ አንዲት ቀን እንኳን ሁለቱን እምቢታ አልዘለለችም። ልጆቿ ዓይናቸውን ሳህኑ ላይ ተክለው እናታቸው ተግደርድራ እስክትጨርስ ይጠብቃሉ። ትንሹ ብቻ ሥርዓቱን ገና አልተማረም ነበር።

አንድ ቀን ትምህርት ላይ ሳለን አንድ ላንድሮቨር ግቢው ውስጥ ገባ። ፈረንጅ መጣ ተባለ፤ የተራበ ሰው አለ ወይ ብሎ የሚያይ፣ አለ ካለ እህል የሚያስልክ። ይህን ያኔ አላውቅም፤ እኛ ልጆቹ የምናውቀው አፍንጫው ቀይ መሆኑን ነው። ከኋላው ከከተማው ሹማምንት አንዱ፣ ግራዝማች የምንላቸው ሰው፣ በዘንጋቸው መሬት እየወጉ መጡ። ከደሴ አብሮ የመጣው አስተርጓሚ ግራዝማች ቤት ጠጅ ላይ ቀርቷል። ሾፌሩ ከ"ኦኬ" ሌላ አያውቅም። ቲቸር ታደለ "እኔ አለሁ" ብሎ ብድግ ሲል ግራዝማች ዘንጉን አነሱበት፤ ደሴ ተማሪ ሳለ ድንጋይ ወርውሯል እየተባለ ይታማ ነበር።

"አንተ ክፍልህን አስተምር" አሉት። "የልብስ ሰፊው ልጅ እንግሊዝ ታውቃለች አሉ፤ እሷን አምጧት። ልጅ የሰማችውን ነው የምትናገር፣ ነገር አትጨምርም።"

ስሜ ሲጠራ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እግሬ መሬት ረግጦ እንደሆነ እንጃ። ቲቸር ታደለ ሳልፍ ጎንበስ ብሎ "በደንብ ስሚ፤ እነሱ ያሉትን ንገሪ" አለኝ። አደራውን በጆሮዬ ይዤ ወጣሁ።

የፈረንጁ እንግሊዝኛ ከቲቸር ታደለ እንግሊዝኛ ጋር ዝምድና አልነበረውም። ጥርስ የለውም፤ እንደ ገንፎ ተያይዞ ነው የሚወጣው። ሦስት ጊዜ ደጋግሞልኝ በመጨረሻ ከገንፎው መሃል "ኢት" እና "ቱዴይ" የሚሉ ሁለት እህሎች አወጣሁ። ገባኝ! እትዬ ሐዋ ፊት ቆምን።

"እትዬ ሐዋ፣ ዛሬ በልታችኋል ወይ ነው የሚለው።"

እትዬ ሐዋ እንግዳውን አየች። ከጀርባው ግራዝማችን አየች። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "አልሐምዱሊላህ፣ በልተናል። እንግዳው እንኳን ደህና መጡ በይልኝ።"

ወደ ፈረንጁ ዞርኩ። "ዊ ኤይት። ታንክ ጎድ" አልኩ። ኤይቷ ከአፌ ስትወጣ እንዴት እንዳማረች! ምንም እንከን የላትም። ከዚያ ጠበቅኩ። አሁን በሞቴ ይላል ብዬ ነው፤ ከዚያ እትዬ ሐዋ እምቢ ትላለች፣ ሁለተኛ ይላል፣ ሦስተኛ ይላል፣ እሺ ትላለች። ሰውዬው ግን ደብተሩን አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈና ወደሚቀጥለው ቤተሰብ ሄደ። "ውይ፣ ምን ዓይነት ቆጥቋጣ ነው! አንዴ ጠይቆ ይሄዳል?" አልኩ በሆዴ።

ሁለተኛዎቹም "ተመስገን፣ በልተናል" አሉ። ሦስተኛዎቹም። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ለመቆም እየተንገዳገዱ "እሱስ በልቷል ወይ በይው፣ የሩቅ አገር ሰው ነው" አሉኝ። ከግራዝማች ዘንግ ፊት ማንስ ቢሆን ምን ይላል፤ ግን ግራዝማች ባይኖሩም የመጀመሪያው መልስ ያው ነበር፣ አገሬን አውቃታለሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንደርስ ኤይቴ እየጠራች እየጠራች ሄደች። ፈረንጁ ጭንቅላቴን ዳበሰኝና "ጉድ ኢንግሊሽ" አለኝ። ግራዝማች አዲስ እርሳስ ሰጡኝ። "ይቺ ልጅ አገር ታኮራለች" አሉ። እግዜር ይይላቸው፣ ዓይናቸው እንባ ሊያወጣ ምንም አልቀረው፣ እንዲያ ነው ደስ ያላቸው።

ከትምህርት መልስ ቲቸር ታደለ በሩ ላይ ይጠብቀኝ ነበር። "ቲቸር፣ አንድም አልተሳሳትኩም!" አልኩት።

"ምን ጠየቀ?"

"በልታችኋል ወይ አለ።"

"እነሱስ?"

"በልተናል አሉ። ዊ ኤይት አልኩለት። ሁሉንም በትክክል!"

ቲቸር ታደለ ኮቱን ሳይሰበስብ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። በኋላ ቀስ ብሎ "ሐዋ በልታ ነበር?" አለኝ።

"አልበላችም። ንፍሮውን የምወስድላት አሁን ገና ነው።"

"ታዲያ?"

"እሷ ያለችውን ነው የነገርኩት። እርስዎ አይደሉ እንዴ ያሉትን ንገሪ ያሉኝ?" አልቅሼ ልሞት ደረስኩ።

"እኔ ነኝ። እኔ ነኝ" አለ። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው ቆጥሮ ነገረኝ። እህሉ የሚላከው በዚያ ደብተር ነው። ደብተሩ በልተዋል ካለ እህሉ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ፈረንጁ ነገ ጠዋት ይሄዳል፤ ግራዝማች ደግሞ ረሃብ አለ መባሉን ስለማይፈልጉ ቲቸር ታደለን አጠገቡ አያደርሱትም። "እነዚህ ሰዎች ያልቃሉ" አለ። አስተማሪ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። እየሮጥኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

አባዬ የስፌት መኪናው ላይ ነበር። የሚሰፋው፣ የአጋጣሚ ነገር፣ የግራዝማችን ካኪ ሱሪ ነው። እየተንሰቀሰቅኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። እምዬ የሰማችው አንዱን ብቻ መሰለ። "እና ፈረንጁ በሞቴ ሳይል ሄደ?"

"አላለም እምዬ። ጠብቄው ነበር።"

"አንቺስ አትነግሪውም?"

"በሞቴ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አልተማርንም!"

እምዬ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ለዘር የተቀመጠውን ባቄላ በእንቅብ ይዛ ነው። "ይቀቀላል" አለች። "ነገ ጠዋት ሰውዬውን ይዛችሁት ሂዱና በዓይኑ ይይ። ሰው ሲለመን እንዴት እንደሚበላ ይማር።"

አባዬ መኪናውን አቆመ። "አንቺ ሴት፣ ግራዝማች ይሰቅሉኛል እኮ።"

"ይስቀሉህ!" አለች እምዬ። "ሰው ደጃፍህ እየሞተ ሱሪ ከምትሰፋላቸው።"

አባዬ ፈሪ ሰው ነበር። ስለምወደው ነው የምናገረው። መንገድ ላይ ሹም ሲያይ ኮፍያውን ከሩቅ ነው የሚያወልቅ። ያን ምሽት እራት አልበላም። ሲነጋ ግን የልብስ መለኪያው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ እጄን ይዞ ወጣ።

ላንድሮቨሩ ግራዝማች ደጃፍ ላይ እያጓራ ነው። አስተርጓሚው ከኋላ ወንበር ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያንኮራፋል። ግራዝማች ገና አልወጡም። ፈረንጁ አንድ እግሩን አስገብቷል። "በይ ንገሪው" አለኝ አባዬ። አፌን ከፈትኩ። ያ ሁሉ የያዝኩት ሽፍታ አንድ ሳይቀር አምልጦኛል። ዓመቱን ሙሉ ካጠናሁት አንዲት ቃል እንኳን ጠፋችኝ! "ሚስተር" ብቻ አልኩ። "ሚስተር... ካም።" ሰውዬው ሰዓቱን አየ። ያኔ አባዬ፣ ያ ከሹም ዓይን የሚሸሸው ሰው፣ ሊለካው ይመስል የፈረንጁን እጅጌ ያዘና ጎተተው። ፈረንጁም ምን እንደታየው እንጃ፣ ተከተለን።

ባሕር ዛፉ ሥር እትዬ ሐዋ ልጆቿን አቅፋ ተቀምጣለች። ባቄላው ትኩስ ነው፣ ሽታው ቀድሞን ደርሷል። ፊቷ ቁጭ አልኩ።

"እትዬ ሐዋ፣ እንኩ ብሉ።"

እኔን አየችኝ። ፈረንጁን አየችው። "በልተናል የኔ እመቤት፣ አልሐምዱሊላህ።"

ወደ ፈረንጁ ዞሬ አንድ ጣቴን አነሳሁ። "ዋን!"

"በሞቴ እትዬ ሐዋ።"

"ለናንተ ይሁንላችሁ።" ድምፅዋ ቀጠነ። ምን እያደረግኩ እንደሆነ ገብቷታል።

"ቱ!" ሁለት ጣት። እንባዬ መፍሰስ ጀምሮ ነበር። "እምዬ ትሙት እትዬ ሐዋ! እምዬ ትሙት!"

እትዬ ሐዋ አልተቀበለችኝም። በዚያ ቀን፣ በሰው ፊት፣ ሦስተኛውንም እምቢ ልትል ነበር፤ ከንፈሯ ላይ አይቻለሁ። ትንሹ ልጅ ግን ሥርዓቱን አያውቅ፣ እጁን እስከ ክንዱ ሳህኑ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ ፋጡማ፣ እኔን የምታህለው ፋጡማ፣ ዓይኗን ጨፍና። የአበላላቸውን ነገር አልናገርም። እንዲያ ሲበላ አይቼ አላውቅም፣ ሁለተኛም እንዳላይ። እናታቸው ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበችና አንድ ፍሬ ሳትቀምስ ወደ ዛፉ ዞራ ተቀመጠች።

ፈረንጁ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ከደብተሩ የትናንቱን ወረቀት ገነጠለ፣ ኪሱ ከተተና መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረ። ግራዝማች እየሮጡ፣ ካባቸውን እየሰበሰቡ ሲደርሱ ቀና ብሎም አላያቸው። አባዬ ኮፍያውን ሊያወልቅ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው።

እህሉ መጣ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ በከባድ መኪና፣ በጆንያ። እስኪመጣ የሞተ ሞቷል፤ እኚያ "እሱስ በልቷል ወይ" ያሉኝ ሽማግሌ አልደረሱበትም። የእትዬ ሐዋ ልጆች ደረሱበት። ሰው ሁሉ እኔን አመሰገነ፣ ቲቸር ታደለ ክፍል ውስጥ አስጨበጨበልኝ። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ንፍሮ ይዤ ስሄድ እትዬ ሐዋ ከእጄ አልቀበል አለች። በሞቴም፣ እምዬ ትሙትም ብላት ፊቷን ታዞራለች። እምዬ ራሷ መውሰድ ጀመረች። "አንቺ እዚህ ቅሪ" ስትለኝ ምክንያቱን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። በክፍል ውስጥ "ኢት፣ ኤይት፣ ኢትን" ላይ ስንደርስ ድምፄ አይወጣም ነበር። ቲቸር ታደለ ያወቀ ይመስለኛል፤ ሰሌዳው ላይ አይጠቁመኝም፣ ሌላ ግስ ይሰጠኛል።

የካቲት ላይ አስተማሪዎቹ ሥራ አቆሙ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ተከፈተ። ሬዲዮ ያለው ቤት ሁሉ በር ላይ ሰው ይሰበሰብ ጀመር። ግራዝማች ሱሪያቸውን ግማሹ እንደተሰፋ ከአባዬ አስወሰዱ፤ ከሹማምንቱ ወገን የሚመጣ ደንበኛም ተቋረጠ፣ ጨው የሌለው ሽሮ በላን። ክረምቱ ሲገባ ወታደሮች መጥተው ግራዝማችን በመኪና ጭነው ሲወስዷቸው ከተማው ወጥቶ አጨበጨበ። እኔም ልወጣ ስል አባዬ "ቁጭ በይ" አለኝ። "ይሄ የሚያጨበጭብ እጅ አምና እጅ ይነሳ የነበረ ነው።" ከወራት በፊት ይሰቅሉኛል ያላቸው ሰው ላይ እንኳን አላጨበጨበም፤ አባዬ እንዲህ ነበር።

ዝናቡ ከምሥራቅም ጣለ ሲባል ሰዎቹ ወደ አገራቸው መመለስ ጀመሩ። እትዬ ሐዋ ልትሰናበት ከነልጆቿ ቤታችን መጣች። እኔ ከመስፊያ መኪናው ጀርባ ተደበቅኩ። ቆማ ዱዓ አደረገችልን። እምዬን እየደጋገመች ጉንጯን ሳመቻት፣ "ቤትሽ አይጉደል፣ ዘርሽ ይብዛ" አለቻት። የአባዬን ትከሻ ሳመች። ልጆቿም በየተራ የሁለቱንም ጉልበት ሳሙ። ፋጡማ ወፍራለች፣ ጉንጭ አውጥታለች።

"የሺ፣ ነይ ውጪ፣ እትዬ ሐዋን ተሰናበቻት" አለች እምዬ።

ወጣሁ። ዓይኔን ከመሬት ማንሳት አልቻልኩም። እትዬ ሐዋ አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ።

"አንቺ ልጅ" አለችኝ። "ያን ቀን በሰው ፊት አራቆትሽኝ።"

እጇን ከአገጬ ሳታነሳ ልጆቿን አየቻቸው።

"ልጆቼን ግን ሦስቱንም ይዤ እየገባሁ ነው። ወላሂ፣ ይሄንን አልረሳልሽም፤ ያንንም አልረሳብሽም።"

አገጬን ለቀቀች። ትንሹን አዘለች፣ ሁለቱን አስቀደመች፣ እኔን ብቻ ሳትስመኝ ወጣች። ደጃፉ ላይ ቆሜ ጭቃውን እየረገጡ ቁልቁል ሲወርዱ አየኋቸው። እኔም ሳሚኝ አላልኳትም።